የሚግ ማሽኔን ሽቦ ላስተካከሉልኝ የመርካቶ ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረስ

እንደኔ ርካሹን ባለ 220 ቮልት ሚግ (ሽቦ በራሱ እየመገበ የሚበይድ ማሽን) ገዝታችሁ ሽቦው እየቆራረጠ የሚያስመርራችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። መርካቶ ያገኘኋቸውን አንድ አባት ሳላመሰግን ባልፍ ህሊናዬ አይቀበለውም።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን ግቢያችን ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ፣ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም የመስኮት ብረት እበይዳለሁ። ማሽኑን ከገዛሁ ጀምሮ ሽቦው እኩል ወጥቶልኝ አያውቅም። ቃታውን ስጫን ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል፤ ወዲያው ወደ ኋላ ተቃጥሎ ቲፑ (ሽቦው የሚወጣበት ጫፍ) ላይ ይጣበቃል። ክዳኑን ስከፍት ደግሞ ሽቦውን በሞተር እየዞረ የሚገፋው ሮለር ጋ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ተተብትቦ ይጠብቀኛል። በፒንሳ መቁረጥ፣ መንቀል፣ እንደገና ማስገባት ነው ሥራዬ። ለአንድ መደርደሪያ እግር ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት «ሞተሩ አልቆለታል፣ ሌላ ማሽን ግዢ» ብለው መለሱኝ።

የመርካቶው አባት ግን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት «እስኪ እንዴት እንደምትሠሪ አሳዪኝ የኔ ልጅ» አሉኝ። ካዩኝ በኋላ ቲፑን አወለቁ፣ ኬብሉን መሬት ላይ ቀጥ አድርገው ዘረጉ፣ የሮለሩን መጫኛ አነሱና የሽቦውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ሳቡት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ይይዛል» ብለው ለኔም ሰጡኝ። እውነትም አሸዋ ውስጥ የሚጎተት ይመስል ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሮለሩ ነው። ሁለት ቦይ አለው፤ አንዱ ለ0.8፣ ሌላው ለ1.0 ሚሊ ሜትር ሽቦ። የኔ ሽቦ 0.8 ሆኖ ሳለ የሚሄደው በ1.0ው ቦይ ነበር። ሲንሸራተት እኔ መጫኛውን አጠብቃለሁ፤ ባጠበቅኩ ቁጥር ሮለሩ ሽቦውን ይፍቀዋል፤ ፍቅፋቂው ላይነሩ (ኬብሉ ውስጥ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ይገባል፤ ላይነሩ ሲደፈን ሽቦው ይብስ ይንሸራተታል። ላይነሩን አውጥተው በኮምፕሬሰር ሲነፉት የወጣውን ቀላ ያለ ብናኝ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀብለው አሳዩኝ። የሽቦዬ የመዳብ ቅብ ነው።

በዚህም አላበቁም። ላይነሩ አጥሮ ስለተቆረጠ በሱና በሮለሩ መሃል የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ክፍተት ነበረ። ሽቦው የሚተበተበው እዚያ ነው፤ ፊት ለፊት መንገዱ ከያዘው ደጋፊ በሌለበት ቦታ ይታጠፋል። ከአሮጌ ነሐስ ትንሽ ቱቦ ቶርኖ ላይ አውጥተው ክፍተቱን ዘጉልኝ። ሽቦው የተጠቀለለበትን ማቀፊያ ፍሬንም አላሉት፤ ቃታውን ስለቅ ጥቅልሉ በራሱ እንዳይተረተር ያህል ብቻ እንዲይዝ።

አልቆለታል የተባለው ሞተርስ? ደህና ነው! ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከብየዳው መስመር ላይ ስለነበረ አርኩ (የብየዳው ብልጭታ) በተነሳ ቁጥር ቮልቴጁ ወርዶ ሞተሩ ይዝላል። በመለኪያ እያሳዩ ነው ያስረዱኝ። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ አስመጥተው ለሞተሩ ለብቻው ሰጡት። እኔ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው፤ አሁን ድምፁ ራሱ ሳይቆራረጥ፣ እኩል እየተንጣጣ ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ የሮለሩን ጥብቀት አስተማሩኝ። መቆንጠጫውን ከሚበየደው ብረት ላይ አንስተሽ፣ ቶርቹን (ቃታ ያለውን የእጅ መያዣ) ከደረቅ እንጨት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀሽ ቃታውን ትጫኛለሽ። ሽቦው እንጨቱን ገፍቶ እየታጠፈ ሳይቆም መውጣት አለበት። በደረቅ ጓንት ጭምቅ አድርገሽ ስታቆሚው ደግሞ ሮለሩ መንሸራተት አለበት እንጂ ሽቦውን ማጠፍ የለበትም።

ለሁሉም የጠየቁኝ 1,200 ብር ነው። አዲስ ማሽን ሊያስገዙኝ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ሱቃቸውን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ ቶርቹንና የምትሠሩበትን ሽቦ አብራችሁ ያዙ፤ ሳጥኑን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል።