የመጀመሪያ የውጭ ጉዟችንን ላሰናዳችልን እህት

ይህን የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። ለሌሎችም ለመጠቆም።

ባለቤቴና እኔ በትዳር 11 ዓመት ኖረናል። አንድም ቀን ከአገር ወጥተን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ለ11 ሌሊት ጣሊያን ሄደን መጣን። ከከተማ ከተማ በባቡር፣ ገጠሩን ደግሞ በኪራይ መኪና። ጉዞውን ከሀ እስከ ፐ ያሰናዳችልን ገርጂ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ያላት ልጅ ናት። ብቻዋን ነው የምትሠራው። ስሟን እዚህ መዘርዘር አልፈለግኩም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ስልኳን እሰጣለሁ።

ከእሷ በፊት ሌላ ቢሮ ሞክረን ነበር። በ10 ቀን አምስት አገር የሚል ወረቀት ሰጡን። ጥያቄ ስናበዛ ስልክ ማንሳት ተዉ። ቀብዳችንም እዚያው ቀረ። እሷ ጋ የደረስነው ተስፋ ቆርጠን፣ "ይቅርብን" እየተባባልን ነበር።

ገና እንደተቀመጥን "ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ?" አለችን። ቀጥላ "ትጾማላችሁ? ደረጃ መውጣት የሚቸግረው አለ? መኪናውን ማን ነው የሚነዳው? ክሬዲት ካርድ አላችሁ?" ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ስነግራት ሊፍት የሌላቸውን ሆቴሎች እዚያው ፊታችን ሰረዘቻቸው። ግንቦትንም የመረጠችው እሷ ናት። "በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ በልታችሁ ጠጥታችሁ ትመጣላችሁ። ገጠሩም ያኔ ነው የሚያምረው" አለችን። እውነቷን ነው። የሄድንበት የቱስካኒ ገጠር በግንቦት አረንጓዴ ነው፤ በስንዴው መሐል ቀይ አበባ ፈንድቶበታል።

ባለቤቴ ቬኒስን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። "ጋሼ፣ ቬኒስ መኪና አይገባም፣ ሻንጣ ይዞ ድልድይ መውጣትና መውረድ ነው፤ ለእሷ ጉልበት አይሆንም። ለሚቀጥለው ይቆይ" አለችው። ሮም አራት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሁለት፣ ፒየንዛ አጠገብ አንድ የእርሻ ቤት አራት፣ ሚላን አንድ። በሮም ገብተን በሚላን ወጣን፤ የመጣንበትን መንገድ መድገም አላስፈለገንም። "ብዙ ከተማ ብጨምርላችሁ ኖሮ ክፍያዬ ይጨምር ነበር" ብላ አታውቅም፤ ክፍያዋን መጀመሪያ ቀን ጽፋ ሰጠችን፣ እስከመጨረሻው አንድ ብር አልጨመረችም።

የቪዛውን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። የሆቴል ማስያዣው፣ የባቡሩና የአውሮፕላኑ ቀን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ሁሉም እርስ በርሱ እንዲገጥም ሦስት ጊዜ አየችው። ሆቴሎቹን ደግሞ ቪዛ ቢከለከል ያለ ቅጣት የሚሰረዙትን መረጠች። "ቪዛ አስመታለሁ" አላለችም። ይህንንም ወደድኩላት።

ትልቁ ጭንቀታችን መኪናው ነበር። ክሬዲት ካርድ የለንም። ያለን ባንክ የሰጠን የውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፣ እሱም በእኔ ስም። እሷ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያዘችው። ካርዱ በሹፌሩ ስም ካልሆነ መኪናው አይሰጥም አለች። ባለቤቴ በራሱ ስም እንዲያወጣ አደረገች። ከዚያ አከራዮቹን አንድ በአንድ በጽሑፍ ጠየቀች። ዴቢት ካርድ የሚቀበል አገኘች፤ መልሱንም አትማ ሰጠችን። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዱንም አስታውሳ አስወጣችው። መኪና መረከቢያው ላይ ልጁ ካርዱን አገላብጦ ቅር ሲለው ያችን ወረቀት አሳየነው። አነበበና ቁልፉን ሰጠን።

እዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም፣ ጣሊያንኛ ደግሞ ጭራሽ። የተከራየናትን ፊያት ፓንዳ እየዞረ ሲያይ ከፊት ጭረት አገኘና "ፓራውልት!" አለ። ልጁ ወዲያው ገባው። "ጎማ" ሲል ገባው፣ "ፍሬን" ሲል ገባው። የእኛ ጋራዥ ቋንቋ ከየት እንደመጣ ያን ቀን ሁለታችንም አየነው። ልጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ጭረቷን መዝገብ ላይ አሰፈረ። ናፍጣ ግን እዚያ ማደያ ላይ "ጋዞሊዮ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። እሷ ይህንንም በቀይ ጽፋ ነበር፦ "የእናንተ መኪና ቤንዚን ነው። ቤንዚና የሚለውን አረንጓዴ እጀታ ብቻ ንኩ።"

መኪናውንም ከከተማው መሐል እንዳንረከብ አደረገች። የፍሎረንስ አሮጌው ከተማ የተፈቀደለት መኪና ብቻ የሚገባበት ክልል አለው። በሩ ላይ ካሜራ ነው ያለው፤ ቅጣቱ አገር ቤት ድረስ ይከተላል። ስለዚህ በትራም አውሮፕላን ማረፊያው ሄደን ተረከብን። ሲየናም ሳን ጂሚኛኖም መኪናውን ከግንቡ ውጭ አቁመን በእግር ገባን። ነጭ መስመር ነፃ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫው ለሌላ ሰው። የክፍያ መንገዱ እንደ አዳማው ነው፤ ስትገቡ ካርድ፣ ስትወጡ ሒሳብ። ለባለቤቴ ይህን ብቻ ነው የነገረችው፤ ወዲያው ገባው።

ወረቀቷን ብታዩት! በየባቡሩ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። "14:35፣ በእኛ ከቀኑ 8:35።" ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ቆመን ሰሌዳው ላይ ፍሎረንስ የሚል ፈልገን አጣን። ልቤ መምታት ጀመረ። ወረቀቱን ስገልጥ "ሰሌዳው የመጨረሻውን ከተማ ነው የሚያሳየው። የባቡሩን ቁጥር ፈልጉ" ይላል። ቁጥሩን ፈለግን። ቬኒስ የሚሄደው ላይ ተጽፎ አገኘነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፍሎረንስ ነበርን።

እዚያው ተርሚኒ አካባቢ አንድ ነገር እንድናይም ጽፋልን ነበር። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ወታደሮቻቸው የተሰየመ ነው። አጠገቡ መታሰቢያቸው አለ። የእኛ የይሁዳ አንበሳ ተዘርፎ በሄደ ጊዜ የቆመው እዚያ መታሰቢያ ላይ ነበር። ዛሬ ተመልሶ ለገሃር ፊት ነው ያለው። በለገሃር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ሮም ላይ ሆኜ አንበሳው ናፈቀኝ። ይህን ማንም አስጎብኚ አልነገረንም።

አሁን ደግሞ እንድጽፍ ያስገደደኝን ነገር ልንገራችሁ። ጉዟችን ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ማታ በቴሌግራም ጻፈችልን። ወደ ሚላን በምንሄድበት ቀን የባቡር ሠራተኞች አድማ ተጠርቷል። እዚያ አድማ አስቀድሞ ይታወጃል፤ እሷ በየቀኑ ስትከታተል ነበር ለካ። መኪናውን አንድ ቀን ቀድመን እንድንመልስ አመቻቸች። ቲኬቱን ወደ ቀደመው ማታ አዛወረች። የእርሻ ቤቱን ባለቤት አነጋግራ አንዷን ሌሊት አስተወችልን፣ ሚላንም አንድ ሌሊት ጨመረች። በማግስቱ ቡና ልንጠጣ ወደ ሚላን ጣቢያ ጎራ ብለን ነበር። ሰሌዳው ላይ "ካንቼላቶ"፣ "ካንቼላቶ"፣ "ካንቼላቶ"፤ ተሰርዟል ማለት ነው። ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። አንዲት እናት ሻርፗን እንደ ነጠላ መሬት ላይ አንጥፋ ሕፃኗን አስተኝታለች። እኛ ማኪያቷችንን ይዘን ቆመናል። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ "እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ በድምፅ ላከላት።

ለማን ትሆናለች? እንደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ፣ ባቡርና መኪና ማቀላቀል ለሚፈልጉ፣ እርጋታ ለሚወዱ። በቡድን መጓዝ ለሚፈልግ አትሆንም፤ ራሷም ትነግራችኋለች። ሥራው የሷው ብቻ ስለሆነ ቢያንስ ከአራት ወር በፊት አናግሯት። ስትሄዱ የምትነዱበትን መንጃ ፈቃድና የባንክ ካርዳችሁን ያዙ፤ መጀመሪያ የምታየው እነሱን ነው።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ወረቀትሽ አሁንም ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነው። ባለቤቴ ከጀርባው "ቬኒስ" ብሎ ጽፎበታል።