ዘይት የጠጣው ቦኮላ፣ ድፍኑ ቦኮላ ወይስ ኩሽኔታ?

የሞተሪኖ (የመኪና ማስነሻ ሞተር) ወይም የቬንትሌተር ቦኮላ፣ ማለትም ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት፣ ሲበላ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ነሐስ ታገኛላችሁ። ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። አንዱ ግን ድፍን ነው፤ ሌላው ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ በዓይን ባይታይም።

ባለቀዳዳው የሚሠራው ከዱቄት ነው። 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ቲን ተቀላቅሎ በሻጋታ ይጨመቃል፣ ከዚያ 800 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ያልፋል። መዳቡ ሳይቀልጥ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ። በመሃላቸው የሚቀረው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ይዘቱ 20 በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ ተመጦ ዘይት ይገባበታል። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ ይወጣል፣ ሲቆም ተመልሶ ይሰርጋል። ግሪስ ቀቡልኝ አይልም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ዘንጉ ፈጠን ብሎ የሚዞር፣ ጭነቱ ቀለል ያለ፣ ግሪስ ለመስጠትም የማያመች ቦታ ከሆነ ያለጥርጥር ባለቀዳዳው። ቬንትሌተር፣ ሞተሪኖ፣ ትናንሽ ሞተሮች የሱ ቤት ናቸው። ድምፁም ከኩሽኔታ (ውስጡ ኳስ ወይም ሮለር ካለው ማሽከርከሪያ) ዝግ ያለ ነው። የባሌስትራ (የመኪና ተደራራቢ የብረት ሞላ) ፒን ላይ ግን እንዳትሞክሩት! እዚያ ዘንጉ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይዞርም፤ ዘይቱን የሚስበው የለም፣ በዚያ ላይ የመንገዱ ምት አለ። ለዚህ ድፍኑ ነሐስ ከነግሪስ ቀዳዳው ይግባ። ቀን ከሌት ለሚሽከረከርና ከባድ ለሚሸከም ደግሞ ወጪው ቢበዛም ኩሽኔታ።

ከተራ ብረት ዱቄት የተሠራም አለ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ጥንካሬውም ጥሩ ነው፤ ግን ይዝጋል፣ ዘንጉም ጠንካራ ካልሆነ ይፋጃሉ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ትለያላችሁ? ላይተር አውጡና ቦኮላውን ለጥቂት ሰከንድ አሙቁት። እውነተኛው ባለቀዳዳ ያልበዋል፤ ጥቃቅን የዘይት ነጠብጣቦች ፊቱ ላይ ብቅ ይላሉ። ድፍኑ ዝም ብሎ ይግላል። እጅ ላይም ባለቀዳዳው በመጠን እኩያው ከሆነው ድፍን ቀለል ይላል። በካርቶን ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ለረጅም ጊዜ የከረመ ከሆነ ተዉት፣ ዘይቱን ወረቀቱ ጠጥቶታል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ግን ከተገዛ በኋላ ነው። ልኩ ጠበብ ሲል ቶርኖ ቤት ይወሰድና በደነዘዘ ቢላ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይሰፋል። ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ደንበኛው ደስ ይለዋል። ያ ማብራት ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል ማለት ነው። የወረቀቱ አሸዋም ውስጡ ተሰክቶ ዘንጉን ይሞርደዋል። መቆረጡ ካልቀረ በተሳለ ቢላ፣ ስስ ስስ እያሉ። በቤንዚን ማጠብም አይሆንም፣ ዘይቱን ይዞት ይሄዳል። ከታጠበ ወይም ከደረቀ ንጹሕ ስስ የሞተር ዘይት ውስጥ ነክራችሁ ለብ አድርጉትና እዚያው እያለ ይቀዝቅዝ፤ ሲቀዘቅዝ ዘይቱን መልሶ ይመጠዋል።