የዒላማ ሽጉጥ ለሚገዙ፦ ሩገር ማርክ 4፣ በክ ማርክ፣ ቪክትሪና ሞዴል 41 ጎን ለጎን

ደሴና ኮምቦልቻ ተወልደው ዛሬ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ፣ በእረፍት ቀናቸው የዒላማ ተኩስ ክለብ የሚሄዱ ወጣቶች ሲደውሉልኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?» ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት ለዓመታት የኖርኩት እነሱ ባሉበት አገር ነው፤ የተኮስኩትም እነሱ በሚተኩሱት ባለ 22፣ ማለትም የጥይቱ ውፍረት 0.22 ኢንች ገደማ በሆነው ሽጉጥ ነው። ስለዚህ መልሱን በስልክ ቆራርጬ ከምናገር ሙሉውን ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል። የማወራው የወረቀት ዒላማ ለመምታት ስለተሠሩ ሽጉጦች ብቻ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለጀማሪ ምርጫው በብራውኒንግ በክ ማርክና በሩገር ማርክ 4 መካከል ነው፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ደግሞ የገዢው እጅ ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክትሪ ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው ጥሩ ነው። የዚያው ፋብሪካ ሞዴል 41 ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ሽጉጥነት አልመክረውም። ኦሎምፒክ በሚካሄድበት ደንብ መወዳደር የሚፈልግ ሰው ጉዳይ ሌላ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትክክለኛነት ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምናገረው ስለ ጥይቱ ነው። በባለ 22 ጥይት የሚያቀጣጥለው ቅመም ያለው በቀለሁ መሃል ሳይሆን በጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ነው። ቅመሙ አንድ ቦታ ላይ ከሳሳና መቺው መርፌ እዚያው ላይ ካረፈ ጥይቱ ይከሽፋል። የከሸፈውን አውጥቶ፣ አዙሮ እንደገና ሲያጎርሱት የሚተኩስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም መርፌው አሁን የሚመታው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ «ሽጉጤ ይከሽፍብኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጡን ሳይሆን የገዛውን ርካሽ ጥይት መውቀስ አለበት። ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሡ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቁና ከዚያ አውጡት፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለና።

ሁለተኛው የጥይት ነገር ፍጥነት ነው። ለዒላማ የሚመረጠው መደበኛ ፍጥነት ያለው ሲሆን፣ የእርሳሱ ክብደት 2.6 ግራም ገደማ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከረዥም የጠመንጃ አፈሙዝ የተለካ በመሆኑ ከሽጉጥ ሲወጣ ይቀንሳል። ፈጣኑ ጥይት ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይጓዛል፣ ሽጉጡንም በኃይል ይመታዋል፤ ለወረቀት ዒላማ ግን የሚጨምረው ነገር የለም። እርሳሱ ከላዩ በሰም ነገር የተለበጠ ነው። ጧት ደሴ ላይ የረጋ ቅቤ ኮምቦልቻ ሲወርድ እንደሚፈታ ሁሉ ይህም ሰም በብርድ ይጠጥራል፣ በሙቀት ይለሰልሳል። ሚኒሶታ ክረምት ላይ ውጭ የሚተኩስ ሰው ሽጉጡ ሲቀረቀርበት ወፍራም ዘይቱን ጠርጎ በስሱ ይቀባው፤ የጥይቱንም ሣጥን ከካፖርቱ ውስጥ ያቆየው።

አሁን ወደ ሽጉጦቹ። ሩገር የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1949 ገበያ የገባው በዚህ ዓይነት ባለ 22 ሽጉጥ ሲሆን፣ ማርክ 4 የወጣው በ2016 ነው። የቀደሙትን የማርክ ትውልዶች ፈትቶ መልሶ መግጠም የብዙ ሰው ራስ ምታት ነበር፤ እጀታው ውስጥ ያለው የመዶሻ ሞላ (ስፕሪንግ) በትክክለኛው ማዕዘን ካልገባ ሽጉጡ አይዘጋም። ማርክ 4 ይህን ችግር ከሥሩ ነቀለው። ከኋላ ያለችውን አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ የላይኛው ክፍል ወደ ፊት አጋድሎ ይለቃል፣ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት (ቦልቱ) ይወጣል፣ አፈሙዙ ከኋላ ይጸዳል። አልፎ አልፎ ለሚተኩስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። የሚጸዳ ሽጉጥ ግን የሚተኩስ ሽጉጥ ነው፤ በባለ 22 ጥይት ደግሞ ጥላሸቱና ሰሙ ቶሎ ይጠራቀማል። በአስተማማኝነት በኩል ሩገርን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

የሩገር ጉድለት ቃታው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከበድ ይላል፤ ከመልቀቁ በፊትም ትንሽ ይንሸራተታል። ጣት ይህችን መንሸራተት ያውቃታል፤ «አሁን ይለቃል» እያለ ሲጠብቅ እጅ ይንቀሳቀሳል። ብዙዎች የሌላ ሠሪ ቃታ ገዝተው ይቀይሩለታል፤ ሲቀይሩ የሚያወጡትን ገንዘብ ዋጋው ላይ ደምረው ማሰብ አለባቸው።

በክ ማርክ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ቃታው ከሣጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ጥርት ያለ ነው፤ ሳይንሸራተት በአንዴ ይለቃል። ጀማሪ ቃታ መሳብ የሚማረው በእንደዚህ ዓይነት ሽጉጥ ነው፤ ስህተቱ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ያርመዋል። ችግሩ አፈታቱ ነው። ማነጣጠሪያው የተቀመጠበት የላይኛው ሐዲድ በብሎን የተያዘ ስለሆነ ለሙሉ ጽዳት መፍቻ ያስፈልጋል። ብሎኖቹ ከላሉ ማነጣጠሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ሰውየው ግን ተኩሱ የተበላሸበት እየመሰለው ቀኑን ሙሉ ራሱን ይወቅሳል። ውስጡ ያለችው የግጭት ማብረጃ ፕላስቲክም ታልቃለች፤ ርካሽ ናትና ከሽጉጡ ጋር አንድ ትርፍ ግዙ።

ቪክትሪ እንደ ማርክ 4 በ2016 የወጣ ነው። አንድ ብሎን ሲፈታ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አፈሙዙም በቀላሉ ይቀየራል። ትክክለኛነቱ ከሁለቱ አያንስም። እጀታው ግን ሻካራ ፕላስቲክ ነው፤ ረጅም ልምምድ ላይ መዳፍን ይበላል። ያችን ብሎን ከእያንዳንዱ ጽዳት በኋላ እኩል ማጥበቅንም መልመድ ያስፈልጋል።

ስለ ምቾት ሲወራ ብዙው ገዢ ክብደትን ይጠይቃል። ሦስቱም ሽጉጦች በተለመደው የዒላማ ቅርጻቸው ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ በዚህ መለየት አይቻልም። የሚለያዩት በእጀታው ማዕዘን ነው። መደበኛው ማርክ 4 እጀታው ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ በክ ማርክና ቪክትሪ ቀና ያሉ ናቸው። ሩገር ለዚሁ ሲል 22/45 የሚባል ቀና እጀታ ያለው ማርክ 4 ይሠራል።

የእህቴ ልጅ ለአረፋ ደሴ በመጣ ጊዜ ይህን በቃል ላስረዳው አልቻልኩም። ቧንቧ ውኃ አካባቢ ያለ አናጺ ዘንድ ሄደን፣ የሁለቱን ሽጉጦች የጎን ሥዕል በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አውጥተን፣ ከዋንዛ ጣውላ ሁለት ቅርጽ አስቆረጥን። ግድግዳው ላይ በከሰል ነጥብ አደረግሁ። ልጁ ነጥቡን አየ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ጣውላውን አነሣ፣ ዐይኑን ከፈተ። ያጋደለውን ሲይዝ ጫፉ በየጊዜው ከነጥቡ በላይ ሄደ፤ ቀናውን ሲይዝ ነጥቡ ላይ ወይም እምብዛም ሳይርቅ ዐረፈ። አናጺው በተራው ሲሞክር ግን ያጋደለው ተስማማው፤ አንጓው ወደ ታች የሚታጠፍ ሰው ነው። ልጁ ተመልሶ በክ ማርክ ገዛ። አናጺው ቢገዛ ኖሮ ሩገር እለው ነበር። እናንተም ሱቅ ወይም ክለብ ስትሄዱ ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ሽጉጥ፣ ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ይህንኑ አድርጉ። ለግራኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ የማርክ 4 የደህንነት መቆለፊያ በሁለቱም በኩል አለ፤ የበክ ማርክ መደበኛው ለቀኝ አውራ ጣት የተሠራ ነው።

ትክክለኛነትን ወደ ኋላ ያቆየሁት በዚህ ደረጃ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። በ25 ሜትሩ የትክክለኛነት ዒላማ ላይ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመሃሉ ክብ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከሦስቱ የትኛውም፣ ከሚስማማው ጥይት ጋር፣ በድጋፍ ላይ ተደርጎ ሲተኮስ በዚያ ክብ ውስጥ ይቆያል። በአንድ እጅ ቆሞ የሚተኩስ ጀማሪ ግን ከዚያ ክብ ብዙ ይርቃል። የሽጉጡን አቅም ለመድረስ ልምምድ ይጠይቃል፤ ልምምዱን የሚያበረታታው ደግሞ የሚመች እጀታና የሚታመን ቃታ ነው። የተለያዩ ጥይቶችን በትንሽ በትንሹ ገዝታችሁ በድጋፍ ላይ ሞክሩ፤ ሽጉጣችሁ የወደደውን ስታገኙ ሣጥኑ ላይ ያው የምርት ቁጥር ያለበትን፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተውን፣ በብዛት ግዙ።

ሞዴል 41 እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አለ። ቃታው ከሦስቱም ይበልጣል፣ እጀታው ላይ ያለው የአውራ ጣት ማረፊያ እጅን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጣል፣ አሠራሩም የሚታይ ጥንቃቄ አለው። ከ1.1 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሲተኩስ እምብዛም አይነሣም። ዋጋው ግን ከሩገር ከእጥፍ በላይ ነው። ክፍሎቹ ተቀራርበው የተገጠሙ በመሆናቸው ጥይት ይመርጣል፤ መደበኛ ፍጥነት ያለውን ስጡት፣ በንጽሕናም ያዙት። ያገኘውን ጥይት ሁሉ ለሚያጎርስ ሰው አይሆንም።

በዓለም አቀፉ የተኩስ ፌዴሬሽን ደንብ መወዳደር የሚፈልግ ሰው ከመግዛቱ በፊት ልኮቹን ይወቅ። በ25 ሜትር ሽጉጥ የአፈሙዙ ርዝመት ከ153 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ከ220 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ1,400 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ቃታው ደግሞ ቢያንስ 1,000 ግራም መሸከም አለበት። የመነጽር ማነጣጠሪያ አይፈቀድም። ስለዚህ የሩገር ረዥሙ አፈሙዝ፣ 175 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ከደንቡ ውጪ ነው። የሞዴል 41 ባለ 7 ኢንቹም እንዲሁ። ይህን ሳያውቁ ገዝተው መሣሪያ ፍተሻ ላይ የሚመለሱ አሉ፤ ያሳዝነኛል። በዚህ መስክ ጣሊያኑ ፓርዲኒ ኤስፒና ጀርመኑ ዋልተር ጂኤስፒ ከአሜሪካኖቹ የተለዩ ናቸው፤ የጥይት ካዝናቸው ከቃታው ፊት ስለሆነ እጀታው ውስጥ የሚያልፍ ነገር የለም፣ ሠሪው እንጨቱን እንደ እጅ ቅርጽ መቅረጽ ይችላል። ክለቡ የሚያከራይ ከሆነ አንድ ዓመት በተከራዩት ተኩሱ፤ ዋጋቸው ከባድ ነው።

ያገለገለ ለሚገዛም ይህን ልናገር። ሩገር እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2017 በፊት የተሠሩ ማርክ 4 ሽጉጦችን ለጥገና ጠርቷል፤ መቆለፊያው መሃል ላይ ቆሞ ቃታ ከተሳበ በኋላ ወደ መተኮሻው ሲገፋ ሊተኩስ ይችል ነበርና። ሻጩ ጥገናው መደረጉን ያሳያችሁ፤ ካላሳየ የመለያ ቁጥሩን ይዛችሁ ፋብሪካውን ጠይቁ። በማንኛውም ባለ 22 ሽጉጥ ጥይቱ የሚገባበትን ጠርዝ በብርሃን ተመልከቱ። ባዶውን ቃታ ደጋግሞ የሳበ ባለቤት መርፌው ጠርዙን ቀጥቅጦት ይሆናል፤ በጥፍር ሲዳስሱት ይታወቃል፣ ቀለህ እንዳይገባና እንዳይወጣም ያደርጋል።

ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ለጆሮ መከላከያና ለመነጽር የሚሆን ገንዘብ ያዙ። ከተኩስ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ፣ በተኮሳችሁበት ልብስም ሕፃን አትቀፉ። ጥይቱ እርሳስ ነው፣ ቅመሙም ውስጥ እርሳስ አለ፤ እርሳስ ደግሞ ልጅን ይጎዳል። ለበዓል ወደ ደሴ ስትመጡ ሽጉጡን እዚያው ቆልፋችሁ ተዉት። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም ማስገባትም ክልክል ነው። የጎን ሥዕሉን በትክክለኛ መጠኑ አትማችሁ ከመጣችሁ ግን የእጀታውን ሙከራ እዚህ በጣውላ እናደርጋለን፤ አናጺውም ዋንዛው አለው።