8 በ42 ባይኖኩላር ለረግረግ ዳር የወፍ ምልከታ
በጸደይ መባቻ ወደ ሰሜናዊ መራቢያ ስፍራቸው የሚመለሱትን ዳክዬዎችና ዝይዎች በረግረጋማ ቦታዎች መመልከት ለሚሻ ሰው፣ 8 በ42 የሚባለው ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር) ከሌሎቹ መጠኖች የተሻለ ምርጫ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። 8 የማጉላት አቅሙን፣ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱን ዲያሜትር በሚሊሜትር የሚያመለክት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁጥር ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው 5.25 ሚሊሜትር ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ በንጋትና በምሽት ደብዛዛ ብርሃን የመሣሪያው ጥቅም የሚታወቀውም በዚህ ነው። እይታው ሰፊ በመሆኑ ድንገት ከውሃው የተነሣን መንጋ ሳይስቱ መከተል ይቻላል፤ 10 ጊዜ የሚያጎሉት ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብረው ስለሚያጎሉ በነፋሻ ሜዳ ላይ ያሰለቻሉ። ወንዶቹ ዳክዬዎች በዚህ ወቅት የመራቢያ ላባቸውን ለብሰው ስለሚታዩ፣ የባለሹል ጭራው ዳክዬ ቡናማ ራስና ነጭ የአንገት መስመር በግልጽ ይለያል። ሴቶቹን መለየት ግን (ሁሉም ቡናማ ዝንጉርጉር ይመስላሉና) የትኛውም መሣሪያ የማያቀልለው ፈተና ነው። ድክመቱ የሚገለጠው ሰፊ ውሃ ላይ ነው፤ መንጋው በወዲያኛው ዳር ሲያርፍ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ሲገዙ ውሃ የማያስገባና በናይትሮጅን የተሞላ ዓይነት መምረጥ ይገባል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ሌንሱ ከውስጥ በእንፋሎት እንዳይጋረድ የሚከላከለው ይኸው ነውና።