«3 ቶን» የሚል ስቲከር አምናችሁ እጃችሁን መኪና ስር እንዳትሰዱ

ቅዳሜ ዕለት ታናሽ ወንድሜ ጣቶቹን ለጥቂት አተረፈ። ሌላ ሰው ያቺን ዓይነት የመኪና ማንሻ ክሪክ ሳይገዛ ልድረስለት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመኪናዬ፣ የቪትዜ፣ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ቀድመው እያለቁ ነበር። የሚጎትተውም፣ የሚጠመዘዘውም፣ ፍሬን ሲያዝ ብዙውን ጫና የሚችለውም የፊቱ ስለሆነ ነው። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ከኋላው ጋር ማቀያየር ያስፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ወረፋ ከምጠብቅ ራሴ ግቢዬ ውስጥ እሠራዋለሁ ብዬ ክሪክ ልገዛ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ።

ሻጩ በጎማ የሚገፋ፣ ረጅም እጀታ ያለው ሃይድሮሊክ ክሪክ አወጣልኝ። ቀይ ቀለሙ ያብለጨልጫል። ጎኑ ላይ «3 ቶን» የሚል ስቲከር አለው። «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ አይሱዙም ያነሳልሃል» አለኝ። ዋጋው 9,000 ብር ነው። ሳመነታ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በ7,500 ውሰደው» አለ። ወሰድኩት።

ግቢያችን ኮብልስቶን ስለሆነ ከክሪኩ ስር ወፍራም ጣውላ አነጠፍኩ። የእጅ ፍሬን ያዝኩ። ማርሹን ፒ ላይ አድርጌ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። ጎማውን የሚያስሩትን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ አላላሁ። ከዚያ አነሳሁ፤ ያለችግር ተነሳች። ያወጣሁትን ጎማ ከበሩ በታች ሻንሲው ስር አጋደምኩት። ይህን አባቴ ነው ያስለመደን።

አንድ ዳዶ ተንከባሎ የፍሬን ዲስኩ ስር ገባ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ። ምንም ድምፅ አልነበረም። እኔ ያየሁት በበሩ ጠርዝና በተጋደመው ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ነው። «እጅህን!» ብዬ ጮህኩ። እጁን ሲያወጣና መኪናዋ ጎማው ላይ ስታርፍ እኩል ሆነ። ያ ጎማ እዚያ ባይኖር መኪናዋ የምታርፈው በዲስኩ ነበር፣ ድንጋዩ ላይ።

ክሪኩን አውጥቼ ሳየው ፒስተኑ ዙሪያውን ዘይት አልቦታል። ውስጡ ያለው፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ግፊቱን አልቻለም። ስቲከሩን በጥፍሬ ስልጠው ደግሞ ከስሩ ብረቱ ላይ «1.5» የሚል ተቀርጿል። ልብ በሉ፤ ቪትዝ ሙሉዋ ወደ 1 ቶን ነው የምትመዝነው። አንድ ጥግ ብቻ ሲነሳ ክሪኩ የሚሸከመው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ያቺ 1.5 እንኳ እውነት ብትሆን መያዝ ነበረበት።

ሰኞ ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ ቀና ብሎም አላየኝ። «ከኛ መግዛትህን በምን አውቃለሁ? ደረሰኝህ የታለ?» አለኝ። የቀነሰልኝ 1,500 ብር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መብቴን ነበር የገዛበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንደሚለው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ግን የገዛበትን ማስረጃ ከየት ያመጣል? ሶማሌ ተራ በሐቅ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። እነሱ ደረሰኝ ስትጠይቋቸው ፊታቸው አይቀየርም።

ስትገዙ ስቲከሩን ትታችሁ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ፒስተኑ አካባቢ ጣታችሁን አሹበት፤ አዲስ ክሪክ ዘይት ሊያልበው አይገባም። ቤት ስትወስዱት መጀመሪያ ጎማ ሳትፈቱ መኪናውን አንሱና ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ እስካለው ቆርቆሮ፣ ያለውን በሜትር ለኩ። 20 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። በሴንቲ ሜትርም ቢሆን ከወረደ ይዛችሁት ተመለሱ።

ደህናውም ክሪክ ቢሆን ለማንሳት ብቻ ነው። መኪና ሲነሳ የሚቆመው ቁመቱ በሚስተካከል መደገፊያ ብረት ላይ ነው። ታዲያ ዘመድ ከአሜሪካ ላከልኝ ብላችሁም አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር «ፒትስበርግ» በሚል ስም የሸጣቸውን ባለ3 እና ባለ6 ቶን መደገፊያዎች መልሱ ብሎ ነበር፤ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚሆኑ ናቸው። ጥርሱ በደንብ ስለማይቆልፍ መኪናውን በድንገት ሊጥል ይችላል። የዕቃ ቁጥራቸው 56371፣ 61196 እና 61197 ነው። በምትካቸው ከተሰጡት መካከልም ባለ3 ቶኑ፣ 56373፣ የብየዳ ጉድለት ተገኝቶበት በዚያው ዓመት ተሰብስቧል። ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ካለ ዛሬ ቁጥሩን እዩት።

ጎማዎቹን በመጨረሻ ጎሚስታ ቤት አስቀየርኩ። የፊቶቹ በየጎናቸው ቀጥታ ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹ ተሻግረው ወደ ፊት። ክሪኩን ቁራሌው በ800 ብር ሊወስደው ነበር። ጠግኖ ለሌላ ሰው እንደሚሸጠው ስለገባኝ ዘይቱን አፍስሼ፣ ፒስተኑን በብረት መጋዝ ቆርጬ ነው የሰጠሁት።