«ቤኒቶይት» እየተባለ የሚሸጠውን ትልቅ ሰማያዊ ድንጋይ አትግዙ

ቤኒቶይት ብርቅዬ ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ነው። ሰሞኑን የኦንላይን ሻጮች ስምንት ካራት፣ አሥር ካራት (አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው)፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ደማቅ ሰማያዊ ድንጋይ በዚህ ስም እየቸበቸቡ ነው። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር። ጊዜ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል፦ አትግዙ። ጊዜ ያለው ግን ማታለሉ እንዴት እንደተቀነባበረ ቢያውቅ ነገ በሌላ መልክ ሲመጣበት ይነቃል። ሰው የሚሸወደው ሻጮቹ የሚያቀርቡት ማስረጃ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው።

እኔ ነገሩን በቅርብ ያየሁት አንድ ወዳጄ የገዛውን እንድመረምርለት ባመጣልኝ ጊዜ ነው። ድንጋዩ 8.2 ካራት ይመዝናል፤ ውስጡ ላይ አንዲት ጉድፍ የለችም፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። አብሮት የመጣው ባለማኅተም ወረቀት «ብርቅዬ የሲሊኬት ማዕድን፣ ጥንካሬ 9፣ ከአዲስ የእስያ ማውጫ የተገኘ» ይላል። ድንጋዩን ሳልነካ ወረቀቱ ብቻ ጥርጣሬ አሳደረብኝ።

ከ«ሲሊኬት» እንጀምር። ቃሉ ለገዢ ትልቅ ሳይንስ ይመስላል እንጂ ምንም አይለይም። ከመሬት ቅርፊት 90 በመቶ ያህሉ ሲሊኬት ነው፤ ተራው አለትና የምንረግጠው አፈር ሳይቀር። ሲሊኬቶችን እርስ በርስ የሚለያቸው አንድ የሲሊከን አተም በአራት ኦክስጅን ተከቦ የሚሠራው መሠረታዊ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው። ቁራጮቹ ለየብቻቸው ከቆሙ ጋርኔትና ዚርኮን ያሉበት ወገን ይሆናል። እንደ ሚካ በንጣፍ፣ እንደ ፌልድስፓር በሁሉም አቅጣጫ በተሳሰረ መረብ የሚያያዙም አሉ። ቤኒቶይት የሚመደበው ቀለበት ከሚሠሩት ዘንድ ነው፤ ሳይክሎሲሊኬት ይባላሉ። ኤመራልድም የቀለበት ሲሊኬት ነው፤ ልዩነቱ የኤመራልድ ቀለበት ስድስት ቁራጭ ሲኖረው የቤኒቶይት ሦስት ብቻ መሆኑ ነው። በእነዚህ ባለሦስት ቀለበቶች መካከል ባሪየምና ታይታኒየም ይገኛሉ። ያልተቆረጠው ክሪስታልም ብዙውን ጊዜ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። የክሪስታል ተመራማሪዎች በስሌት ብቻ ያውቁት የነበረ አንድ የሲሜትሪ ክፍል በተፈጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በዚህ ማዕድን ነው። እንግዲህ ሐቀኛ ሻጭ «ባሪየም ታይታኒየም ሳይክሎሲሊኬት» ብሎ ይጽፍ ነበር። «ብርቅዬ ሲሊኬት» ብቻ ያለ ግን በኋላ የፈለገውን ድንጋይ ሊሰጣችሁ በሩን ክፍት ትቷል።

ጥንካሬ 9 (ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ መለኪያ) ደግሞ የሳፋየር ነው፤ ሳፋየር ጭራሽ ሲሊኬት አይደለም፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። የቤኒቶይት ጥንካሬ ከ6 እስከ 6.5 ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ከሁለት ቦታ ገልብጦ አንድ ላይ ሳይሰፋው አልቀረም።

«አዲስ የእስያ ማውጫ» የሚለው ከሁሉም ይብሳል። ቤኒቶይት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ቤኒቶ አውራጃ፣ በሳን ቤኒቶ ወንዝ መነሻ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ሳፋየር መስሏቸው ነበር፤ አዲስ ማዕድን መሆኑን ያረጋገጠውና ስሙን ያወጣለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ላውደርባክ ነው። ጃፓንና አርካንሳስን ጨምሮ በጥቂት ሌሎች ቦታዎችም ማዕድኑ ተገኝቷል፤ ለጌጥ ተቆርጦ ገበያ የሚወጣው ግን ከዚያው ከሳን ቤኒቶ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋዊ የከበረ ድንጋይዋ ያደረገችውም በዚህ ምክንያት ነው። ዋናው ማውጫ ለንግድ መቆፈር ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። አሁን በገበያ የሚዘዋወረው በአብዛኛው ከድሮ ስብስቦች የሚወጣ ነው።

መጠኑንም አስቡት። ተቆርጦ ያለቀ ቤኒቶይት አብዛኛው ከአንድ ካራት በታች ነው። ሁለት ካራት ያለፈና ንጹህ የሆነ ድንጋይ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነው፤ ከአንድ ካራት በላይ የሆነ ጥሩ ቁራጭ በካራት በሺዎች ዶላር ይጠየቅበታል። ስምንት ካራት በጥቂት መቶ ዶላር ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ወይ ምን እንደያዘ አያውቅም፣ ወይ በደንብ ያውቃል። ሁለተኛው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቪዲዮዎቹ። ሻጮቹ ድንጋዩን በማጉያ እያሳዩ «ከኋላ ያሉት የተቆረጡ ገጽታዎች ጠርዞች እጥፍ ሆነው ይታያሉ፣ ይህ የቤኒቶይት ምልክት ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ቤኒቶይት የሚገባበትን ብርሃን ለሁለት ይከፍላል፤ በሁለቱ የስብረት መጠን መካከል ያለው ልዩነት 0.047 ስለሆነ በአሥር እጥፍ ማጉያ በግልጽ ይታያል። ይህ ምልክት መስታወትንና ስፒኔል የሚባለውን ሌላ የከበረ ድንጋይ ይጥላል፤ እነሱ ብርሃን ጨርሶ አይከፍሉም። ሳፋየርና ታንዛናይትም ክፍፍላቸው ትንሽ በመሆኑ መስመሩ እንዲህ ጎልቶ እጥፍ አይሆንም። ዚርኮን ግን ከቤኒቶይትም ይብሳል፣ 0.059 ይደርሳል። ለታንዛናይት ማስመሰያ ተብሎ በፋብሪካ የሚሠራው ሰማያዊ ፎርስተራይትም መስመሩን እጥፍ ያደርጋል። ሁለቱም ደግሞ ሲሊኬት ናቸው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው «ሲሊኬት» በሕግ ፊት እንኳ ውሸት አይባልም። ብልጠት ነው።

ሰማያዊ ዚርኮን ሌላም ተንኮል አለው። ድንጋዩን ስታዞሩት ከአንዱ አቅጣጫ ሰማያዊ፣ ከሌላው ቀለም አልባ ወደመሆን ይጠጋል። ቤኒቶይትም ልክ እንዲሁ ያደርጋል። ቀስተ ደመና መርጨት ላይም ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ቤኒቶይት በዚህ ከአልማዝ ትንሽ ይበልጣል፣ ዚርኮን ከአልማዝ ትንሽ ያንሳል፤ በዓይን መለየት ዘበት ነው። (ዚርኮንን ከኩቢክ ዚርኮኒያ ጋር አታምታቱት። ኩቢክ ዚርኮኒያ በፋብሪካ የሚሠራ ኦክሳይድ ነው፤ ዚርኮን የተፈጥሮ ማዕድን ነው፤ ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ ቡናማውን ድንጋይ በማሞቅ የሚገኝ ሲሆን በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ቢሸጥ ምንም ነውር የለበትም።)

ሁለተኛው ቪዲዮ የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ቤኒቶይት በአጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት፣ ማለትም በ254 ናኖሜትር አካባቢ፣ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ከምርጥ መለያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ሻጮቹ የሚያበሩት ግን በየቦታው የሚሸጠውን ሐምራዊ የእጅ ባትሪ ነው። እሱ 365 ወይም 395 ናኖሜትር፣ ረጅም ሞገድ ነው፤ ሰማያዊው ቤኒቶይት በዚያ ብርሃን አያበራም። በቪዲዮው የሚታየው ሐምራዊ ነጸብራቅ የባትሪው የራሱ ብርሃን ነው። ሻጩን የመብራቱን ሞገድ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል። ራሳችሁ የአጭር ሞገድ መብራት የምትጠቀሙ ከሆነ ያለ መከላከያ መነጽር እንዳትሞክሩት፣ ዓይን ይጎዳል።

የወዳጄን ድንጋይ ያጋለጠው ሚዛን ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። መጀመሪያ ድንጋዩን በደረቁ መዝኑት፤ የእሱ 1.64 ግራም ነበር። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም አይንካ። የአየር አረፋ ከተለጠፈበት ቁጥሩ ይዛባል፤ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ላይ መጨመር ይረዳል። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ድንጋዩ ያፈናቀለውን ውሃ ነው። ደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ እፍግታው ይወጣል። እኔ ያገኘሁት 0.35 ነው፤ 1.64 ለ0.35 ሲካፈል 4.7 ገደማ። የቤኒቶይት እፍግታ 3.65 አካባቢ ስለሆነ ሚዛኑ 0.45 ማሳየት ነበረበት። 4.7 የዚርኮን ነው። ፎርስተራይት ቢሆን ኖሮ 0.51 ገደማ ይነበብ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የስፒኔል እፍግታ 3.60 ስለሆነ በሚዛን ብቻ ከቤኒቶይት አትለዩትም። ስፒኔልን የሚጥለው ማጉያው ነው፤ ዚርኮንን የሚጥለው ሚዛኑ ነው። አንዱን ሠርታችሁ አትቁሙ። ማጉያውንም ከላይ ብቻ አትመልከቱበት፤ ድንጋዩን እያጋደላችሁ ከጎንም እዩ፤ ብርሃን የማይከፈልበት አቅጣጫ ስላለ በዚያ በኩል ያየ ሰው እውነተኛውንም ይጥላል። ከአንድ ካራት በታች ለሆነ ድንጋይ ደግሞ ይህ ሚዛን አይረዳም፤ እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ ያስፈልጋል።

ሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም ድንጋዩ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ሰው ካገኛችሁ ጉዳዩ በደቂቃ ያልቃል። የቤኒቶይት የብርሃን ስብረት ከ1.757 እስከ 1.804 ነው፤ 1.81 አካባቢ በሚያበቃው በተለመደው መሣሪያ ላይ ለጥቂት ይነበባል። ዚርኮኑ ከመሣሪያው አቅም በላይ ስለሆነ ንባብ አይሰጥም፤ የወዳጄም ድንጋይ አልሰጠም።

«መስታወት ቧጥጡበት» የሚለውን የሻጮች ምክር ተዉት። ከላይ የጠቀስኳቸው ድንጋዮች ሁሉ መስታወት ይቧጥጣሉ፤ የምታተርፉት የተጎዳ ጠርዝ ብቻ ነው።

ያልተቆረጠ ናሙና የምትሰበስቡም አላችሁ። የሳን ቤኒቶው ክሪስታል ብዙ ጊዜ ናትሮላይት በሚባል ነጭ ማዕድን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከጥቁሩ ኔፕቱናይት ጋር ይገኛል። ነጩ ድንጋይ እውነተኛ ሆኖ ክሪስታሉ በሙጫ የተለጠፈ ሊሆን ስለሚችል የሚገናኙበትን መስመር በማጉያ እዩት።

ስለ ሰርተፊኬት፦ ሻጩ ራሱ ያተመው ወረቀት፣ ማኅተሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ወረቀት ነው። እንደ ጂአይኤ (የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም) ያለ ገለልተኛ ላቦራቶሪ የሰጠው ሪፖርት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን በላቦራቶሪው በራሱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ክብደቱና ልኩ በእጃችሁ ካለው ጋር መግጠሙን ታያላችሁ። ሻጩ በላከላችሁ ሊንክ በኩል አትግቡ።

የገዛችሁ ካላችሁ ለሻጩ «የውሸት ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በስክሪን ላይ ቀለሙ ይለያያል» የሚል የተዘጋጀ መልስ ይጠብቃችኋል። የደረቁንና የውሃውን ንባብ የሚያሳይ ፎቶ፣ ስሌቱን፣ የማስታወቂያውን ቅጂና የወረቀቱን ፎቶ አንድ ላይ አድርጋችሁ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ለሻጩም ለገበያ መድረኩም ላኩ። ማስታወቂያው ሊጠፋ ስለሚችል ቅጂውን አስቀድማችሁ ያዙ። ወዳጄ በዚህ መንገድ ገንዘቡ ተመልሶለታል፤ ማስታወቂያው ግን እስካሁን አልወረደም።