«አንድ ሙሉ ኮርድ ደረቅ ኦክ» ለሚሉ ማስታወቂያዎች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በተለይም በፍሬድሪክና በሄገርስታውን ዙሪያ የምትኖሩና ቤታችሁን በእንጨት ምድጃ የምታሞቁ፣ ወይም ባለምድጃ ቤት ገዝታችሁ የመጀመሪያውን የብርድ ወቅት የምትጠብቁ ወገኖች፣ ይህ ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው እናንተን ነው። ከነሐሴ ጀምሮ በማኅበራዊ ሚዲያ የገበያ ገጾች ላይ «የደረቀ ኦክ፣ አንድ ሙሉ ኮርድ፣ ማድረሻ በነጻ» የሚሉ የማገዶ ማስታወቂያዎች በርክተዋል፤ ኦክ ጠንካራ እንጨት ያለው ዛፍ፣ ኮርድ ደግሞ የማገዶ መስፈሪያ ነው። ከሻጮቹ መካከል ሐቀኞች መኖራቸው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን በመጠንም በድርቀትም ገዢውን የሚያታልሉ ስላሉ፣ ያጋጠመኝንና ከዚያ በኋላ ያረጋገጥኩትን በዝርዝር ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከእነዚህ ሻጮች ከአንዱ ጋር ለአንድ ኮርድ ደረቅ ኦክ በስልክ ተስማምተን ቀብድ ከፈልኩ። ሰውየው አመሻሽ ላይ በአንዲት ፒክአፕ መጥቶ ፍልጡን በግቢው መግቢያ ላይ ዘረገፈና ቀሪውን ገንዘብ ጠየቀ። ክምሩ ትልቅ ይመስል ነበር፤ የተዘረገፈ እንጨት በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሁልጊዜ ከመጠኑ በላይ ሆኖ ይታያል። ቀሪውን የምከፍለው ደርድሬ ከለካሁ በኋላ እንደሆነ ስነግረው ቅር ብሎት ሄደ። ተደርድሮ ሲለካ ርዝመቱ 8 ጫማ፣ ከፍታው 4 ጫማ ሆነ፤ የእያንዳንዱ ፍልጥ ርዝመት ግን 16 ኢንች ብቻ ስለነበር የመጣው የኮርድ አንድ ሦስተኛ ነበር። በዚህ ላይ፣ ከላይ የተጫኑት ፍልጦች ግራጫና ደረቅ ሲሆኑ፣ ከሥር የነበሩት በመጥረቢያ ሲከፈቱ ውስጣቸው ቀዝቃዛና ጎምዛዛ ሽታ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ የእርጥበት መለኪያውም ከ30 በመቶ በላይ አሳየ። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል የሚባለው በብረት ምድጃ ውስጥ እንደማይሠራ ሻጩ ሳያውቅ አይቀርም።

ስለ መጠኑ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «በእኛ አካባቢ ኮርድ የሚባለው ይኸው ነው» የሚል ነበር። ይህ መልስ ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ኮርድ ማለት ጥቅጥቅ ብሎ ተደርድሮ ሲለካ 4 ጫማ ስፋት፣ 4 ጫማ ከፍታና 8 ጫማ ርዝመት ያለው፣ በድምሩ 128 ኪዩቢክ ጫማ ወይም 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆን ክምር ነው። አንዳንድ ሻጮች «ፌስ ኮርድ» የሚሉት ከፊት ለፊት ሲታይ ያው 4 በ8 ነው፤ ጥልቀቱ ግን የአንድ ፍልጥ ርዝመት ብቻ ስለሆነ፣ በ16 ኢንች ፍልጥ ሲሰላ 43 ኪዩቢክ ጫማ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 150 ዶላር የተከፈለበት ርካሽ የመሰለ «ኮርድ» በትክክለኛው መስፈሪያ ሲታሰብ ኮርዱ 450 ዶላር ወጣ ማለት ነው። በሜሪላንድ ማገዶ መሸጥ ያለበት በኮርድ ወይም በኮርድ ክፍልፋይ ሲሆን፣ «ፌስ ኮርድ»፣ «ክምር» ወይም «አንድ መኪና ሙሉ» የመሳሰሉት መጠሪያዎች ለመስፈሪያነት አይፈቀዱም። ሙሉ መጠን ያለው ፒክአፕ፣ ባለ 8 ጫማ የጭነት ክፍል ያለው እንኳ፣ እንጨቱ በሥርዓት ተደርድሮ እስከ ጠርዙ ቢሞላ የሚይዘው ግማሽ ኮርድ ገደማ ነው። በአንድ ጉዞ «ሙሉ ኮርድ» በፒክአፕ አመጣሁ የሚላችሁን ሰው መጠርጠር ያለባችሁ ገና መኪናው በር ላይ ሲቆም ነው።

በነዳጅ ማደያዎችና በሱፐርማርኬቶች ደጃፍ በላስቲክ ታስረው የሚሸጡት ጥቅሎች ደግሞ ሌላ ሒሳብ አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ በላያቸው የተጻፈው 0.75 ኪዩቢክ ጫማ ስለሆነ፣ አንድ ኮርድ ለመሙላት 170 ያህል ጥቅል ያስፈልጋል፤ አንዱ በ7 ዶላር ቢገዛ ኮርዱ ወደ 1,200 ዶላር ይጠጋል። ለአንድ ምሽት ካልሆነ በቀር ቤት ለማሞቅ የሚሆኑ አይደሉም።

በአገር ቤት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች ማገዶ የሚገዛ ሰው ሸክሙን በዓይኑ መጥኖ፣ ጭራሮውን በእጁ ሰብሮ ድርቀቱን አረጋግጦ፣ ተከራክሮ ይከፍላል። ይህ ልማድ እዚህ ብዙ አይረዳንም። የኦክ ፍልጥ በእጅ አይሰበርም፤ ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ እንደያዘ ሊቆይ ስለሚችል ዓይንም እጅም ሊመሰክሩለት አይችሉም።

የድርቀቱ ጉዳይ ከመጠኑም በላይ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ብቻ እንዲነድ ይመክራል። ጥድን የመሳሰሉት ለስላሳ እንጨቶች ከተፈለጡ በኋላ ስድስት ወር ያህል፣ ጠንካሮቹ ቢያንስ አንድ ዓመት መድረቅ ያስፈልጋቸዋል፤ ኦክ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሻጮች አዘውትረው የሚጠቀሙባት አንዲት ዘዴ አለች፤ «ባለፈው ዓመት የተቆረጠ ነው» ይላሉ። ንግግሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ግንዱ ተቆርጦ ልጡ ሳይላጥ፣ ሳይፈለጥ ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ተጋድሞ ከቆየ ውስጡ እምብዛም አይደርቅም። መጠየቅ ያለባችሁ መቼ እንደተቆረጠ ሳይሆን መቼ እንደተፈለጠ፣ ከዚያም በኋላ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ተደርድሮ ስለመቆየቱ ነው።

እርጥብ ኦክ ከደረቀው በኮርድ ከ500 ኪሎ በላይ ብልጫ ያለው ውሃ ሊይዝ ይችላል። ያንን ውሃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር የሚጠፋው ሙቀት ከቤታችሁ የሚቀነስ ነው፤ ምድጃው ይጨሳል፣ መስተዋቱ ይጠቁራል፣ ክፍሉ ግን አይሞቅም። ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ ገንዘብ ብቻ በጠፋ ነበር። ቀዝቃዛው ጭስ በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ክሪዮሶት የሚባል፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቀርሻ ይተዋል፤ ይህም ሲከማችና አንድ ቀን እሳቱ ሲበረታ በራሱ ይቀጣጠላል። የጭስ ማውጫ ቃጠሎ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ስለሚችል የውስጡን ቱቦ ሰንጥቆ ወደ ቤቱ ጣሪያ ይዛመታል። በ150 ዶላር የተገዛ እርጥብ እንጨት ይህን ያህል ሊያስከፍል ይችላል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ በሃርድዌር መደብሮች ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። ነገር ግን መለኪያውን ከፍልጡ ጫፍ ወይም ከላዩ ላይ መሰካት ትርጉም የለውም፤ ከክምሩ ሥርና ከመካከሉ ጥቂት ፍልጦችን መርጣችሁ፣ እዚያው እንደገና አስፈልጣችሁ፣ አዲስ በተከፈተው ገጽ መካከል ላይ መርፌዎቹን ከቃጫው አቅጣጫ ጋር አስተካክላችሁ ለኩ። ሁለት ፍልጦች ሲጋጩ ደረቆቹ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፣ እርጥቦቹ ድፍን ድምፅ ያሰማሉ፤ ይህ ጥሩ ፍንጭ ቢሆንም የመለኪያውን ቦታ አይተካም። ሻጩ እንዳትለኩ ከከለከላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ሰሞኑን ደግሞ «አሽ» የተባለው ዛፍ እንጨት ገበያውን አጥለቅልቆታል። ምክንያቱ ኤመራልድ አሽ ቦረር የተባለው ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከተገኘ ወዲህ፣ በሜሪላንድም ከ2003 ጀምሮ ዛፉን እየጨረሰው መምጣቱ ነው። አሽ ጥሩ ማገዶ ነው፤ ነገር ግን «አሽ እርጥቡም ይነዳል» የሚለው የሻጮች ንግግር ትክክል አይደለም፣ አዲስ የተቆረጠ አሽ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ነውና። እንዲሁም «በሙቀት የታከመ» የሚል ምልክት ነፍሳቱ ተገድለዋል ማለት እንጂ እንጨቱ ለምድጃ ደርቋል ማለት አይደለም። ማገዶን ከሩቅ ማምጣት ተባዩን ስለሚያዛምት ከቅርብ ሰፈር መግዛቱ ይመረጣል።

ስለ ሌላው ማጭበርበሪያ ባጭሩ ልግለጽ። በዚሁ ወቅት በስልክ እየደወሉ «ጭስ ማውጫችሁን በ79 ዶላር እናጸዳለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከመጡ በኋላ የውስጡ ቱቦ ተሰንጥቋል በማለት የሌላ ቤት ፎቶ አሳይተው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ጥገና በዕለቱ ለማስፈረም ይሞክራሉ። ጭስ ማውጫ በየዓመቱ መመርመር ያለበት በመሆኑ ምርመራውን አትተዉ፤ የሙያ ማረጋገጫ ያለውን ሰው ራሳችሁ ፈልጋችሁ አስመጡ፣ ከባድ ጥገና ያስፈልጋል ከተባለ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለተኛ ባለሙያ አስመርምሩ።

ማገዶ ስትገዙ የሻጩ ስምና አድራሻ፣ ቀኑ፣ መጠኑ በኮርድ፣ የዛፉ ዓይነትና ዋጋው የሰፈረበት ደረሰኝ ጠይቁ፤ «እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች» የሚለውንም አስጽፉ። መጠኑን ሕጉ ያስጠብቅላችኋል፤ ድርቀቱን ግን በጽሑፍ ካልያዛችሁት ማስረዳት ይከብዳል። ሙሉ ክፍያ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) አስቀድሞ አይላክም፤ ገንዘቡን ተቀብለው ስልካቸውን የሚዘጉም አሉ። የመጣው ከጎደለ አንድም ፍልጥ ሳታነዱ ደርድሩት፣ ሜትሩን ከጎኑ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፣ መጀመሪያ ሻጩን ጠይቁት፣ እምቢ ካለ በሜሪላንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ሥር ላለው የሚዛንና መስፈሪያ ክፍል አመልክቱ። በቨርጂኒያ የምትኖሩም የምታመለክቱት ለግዛታችሁ የግብርና መሥሪያ ቤት ነው።

በእኔ ጉዳይ ሻጩ የዚህን ክፍል ስም ሲሰማ ቀሪውን ክፍያ መጠየቁን ተወ፤ ስለ እርጥበቱ ግን «እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እርጥብ ማገዶ እጃችሁ የገባ እንደሆነ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በፓሌት ላይ ደርድሩት፣ ላዩን ብቻ ሸፍናችሁ ጎኖቹን ለነፋስ ክፍት ተዉአቸው፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አቆዩት። ለዘንድሮ ከመጋዝ ዱቄት ተጨምቀው የሚሠሩት ደረቅ ጡቦች ሊተኩት ይችላሉ፤ ከተራ ፍልጥ ይልቅ በኃይል ስለሚነዱ ምን ያህል እንደሚጨመር የምድጃውን መመሪያ ተመልከቱ። ብርዱ ጠንክሮ መብራት ቢጠፋም የቡናውን የከሰል ምድጃ ለማሞቂያ ብላችሁ ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ፤ በሁሉም ፎቅ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ መኖሩንና ባትሪው መሥራቱን ከአሁኑ አረጋግጡ።